ሟቿ የሰጠችው ሽንት

«አልሸናም! ዛሬ ሸንቻለሁ፤ በቃ! የኔ ፊኛ የመንደር ቧንቧ መሰለሽ?»

አባባ አርሊ ካውዲል በሩን የሁለት ጣት ያህል ብቻ ከፍተው ነው የሚጮኹት። በረንዳው ላይ የቆመችው ኦሊታ ስቲድሃም ግን ሽንት አልጠየቀቻቸውም። እንደምን አደሩ ነው ያለችው።

«አባባ፣ ሽንት አልፈለግኩም።»

«ታዲያ ያ በእጅሽ ያለው ምንድን ነው?»

«ቡናዬ ነው። ከሸሪፍ ቢሮ ነኝ፤ ኦሊታ፣ የሎውል ስቲድሃም ልጅ።»

«ፖሊስም ሽንት መሰብሰብ ጀመረ? ወይ ዘመን!»

በእኛ ሸለቆ ይህ ንግግር ማንንም አያስገርምም። ከሰል ጉድጓድ ለመግባት ሽንት ነው፤ ዕፅ አለመውሰድህ ይመረመርበታል። ልጅህን ከዳኛ እጅ ለመቀበል ሽንት ነው። ለወገብህ ክኒን እንዲጻፍልህ ሽንት ነው፤ ከዚያው ክኒን ለመላቀቅ ደግሞ በሳምንት ሁለት ጊዜ ሽንት ነው። ምሥራቅ ኬንታኪ ከከሰል ቀጥሎ በብዛት ያመረተችው ነገር ቢኖር እሱ ይመስለኛል። ስለዚህ ኦሊታ የሽማግሌውን ጩኸት ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። እኔ ብሆንም አልቆጥረውም ነበር።

«ከቤትዎ ሥር፣ ወንዙ ዳር፣ መኪና ቆሟል። ሌሊት የሰሙት ነገር አለ?»

«የማን መኪና?»

«የኔቫ ፕራተር።»

በሩ ሙሉ በሙሉ ተከፈተ። አባባ አርሊ በአንድ እግራቸው ጫማ፣ በሌላው የተጠቀለለ ካልሲ አድርገው ቆመዋል። ካልሲው ላይ ቢጫ እድፍ አለ፤ ሽታውም ደጅ ድረስ ይመጣል። ከኦሊታ ትከሻ በላይ ቁልቁል ወደ ወንዙ አዩ።

«እናቷ ሰማች?» አሉ ብቻ።

ትሬሲ ፕራተር ሰምታለች። በነጠላ ጫማዋ ጭቃውን እየረገጠች፣ የሦስት ዓመት የልጅ ልጇን ጁኒን አቅፋ፣ ፖሊሶች በዘረጉት ቢጫ ሪባን ላይ ተደግፋ ቆማለች። የልጅቱን ፊት ወደ ደረቷ ይዛዋለች። ኔቫ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር። በሾፌሩ ወንበር ላይ አንገቷን ወደ መስኮቱ ጥላ፣ መርፌው ከግራ ክንዷ ሳይወጣ፣ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኖ ነው የተገኘችው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ፖስተኛው አይቷት ነው የደወለው። ሬሳ መርማሪው ክንዷን አጠፍ ዘርጋ አድርጎ ሞክሮ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ እስከ አስር ሰዓት ባለው ጊዜ ነው አለ። ፌንታኒል የሚሉት ዱቄት መሆኑንም ሳይመረምር ተናገረ። በዚያ ዓመት ሌላ ነገር የገደለው ሰው ቢያገኝ ኖሮ ሳይደንቀው አይቀርም።

ሸሪፉ በሬዲዮ «እስከ ምሳ ዝጊው» አላት ኦሊታን። «ሱሰኛ ናት፤ መርፌ ወጋች፤ ሞተች። ምን ይመረመራል?»

«ዘጠኝ ወር ሙሉ አልነካችም» አለች ትሬሲ። አላለቀሰችም፤ ድምፅዋ የደረቀ ነው። «ኦሊታ፣ አብረን ነው የተማርነው፤ አትዋሺኝ። ሰኞ ዳኛ ፊት እቀርባለሁ። የጁኒ አባት ኩርቲስ 'ልጄን ልውሰድ' ብሎ ከስሷል። ኔቫ እኔ ቤት እየኖረች ስትወጋ ነበር ከተባለ፣ መድኃኒቷን ስትሸጥ ነበር ከተባለ፣ ቤቱ ርኩስ ነው ብለው ጁኒን ይወስዷታል።»

«ስትሸጥ ነበር ያለ አለ?»

«ይላሉ። ሁልጊዜ ይላሉ።»

ኦሊታ መኪናው ውስጥ ሁለት ነገር አገኘች። አንደኛው ስልኩ ነው። ኔቫ ሰኞ ዕለት አንድ ቁጥር ላይ ሦስት ጊዜ ደውላለች። ሁለተኛው ከፀሐይ መከለያው ሥር የተሰካ የላቦራቶሪ ወረቀት ነው። የሽንት ውጤት፣ የባለፈው ዓርብ። «ቡፕረኖርፊን፦ አለ» ከሚለው ዙሪያ በእስክሪብቶ ብዙ ጊዜ ተከቧል፤ ወረቀቱ እስኪበሳ። የወረቀቱ ግርጌ ደግሞ በመቀስ፣ ቀጥ ብሎ፣ ተቆርጧል።

ቡፕረኖርፊን ክሊኒኩ ከዕፅ ሱስ ለሚላቀቁ ሰዎች የሚሰጠው መድኃኒት ነው፤ ከምላስ ሥር የሚቀልጥ ብርቱካንማ ልጥፍ። የሰውን ጥማት ያረግባል፤ እንቅልፍ ያስተኛል፤ ሥራ ያስገባል።

ኦሊታ ከአፏ የማትለየውን ከረሜላ አገላብጣ ወደዚያ ቁጥር ደወለች።

«ላቦራቶሪ፤ ኤልውድ ሆስኪንስ ነኝ።»

«ኔቫ ፕራተር የምትባል ሴት ትናንት ደውላልህ ነበር?»

«ስለ ሕመምተኛ በስልክ አንናገርም።»

«ሞታለች። ፖሊስ ነኝ።»

«ሞታለች?» ወረቀት ሲገለጥ ተሰማ። «የማይሆን ነገር ነው። ብልቃጧ አሁን ደረሰኝ። ሽንቷን የሰጠችው ዛሬ ነው፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአርባ ይላል። ሙቀቱ ደህና፣ የሰውነት ሙቀት፣ ተፈርሞበታል።»

ኦሊታ ቀና ብላ አየች። አምቡላንሱ በሩን እየዘጋ ነበር።

«ሦስት ከአርባ ላይ እኔ ጫማዋን ስፈታ ነበር» አለችው።

ወደ ላቦራቶሪው ከመሄዷ በፊት ኩርቲስን ማየት ነበረባት። የጁኒ አባት እንጨት መሰንጠቂያው ቤት ይሠራል። አቧራ ለብሶ፣ ጉንጩ ውስጥ ትንባሆ ሸጉጦ መጣ።

«ሰኞ ማታ ደውላልኝ ነበር» አለ። «መድኃኒቴን ከለከሉኝ፣ እየተንቀጠቀጥኩ ነው አለችኝ። ሳቅኩባት። ክሊኒኩ እንደሚሰጣት መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ሸጣዋለች ማለት ነው።»

«ከዚያስ ወዴት ሄድክ?»

«የት እሄዳለሁ? ሌሊት ፈረቃ ነበርኩ። አለቃዬን ጠይቂ፤ ሰዓት መቆጣጠሪያውን ጠይቂ፤ ከፈለግሽ መጋዙን ጠይቂ።»

አለቃውም ሰዓቱም መሰከሩለት። ኩርቲስ ትንባሆውን ቱፍ አለና «ልጅቱን ግን እወስዳታለሁ» አለ። ኦሊታ የዚያን ቀን መጀመሪያ የተጸየፈችው ሰው እሱ ነበር። ወረፋው ረጅም እንደሆነ ገና አላወቀችም።

ረቡዕ የዳኛ ወረቀት ይዛ ወደ ላቦራቶሪው ሄደች። ኤልውድ ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ሽንት ሲያይ የኖረ፣ ቀጭን፣ መነጽሩን በክር ያንጠለጠለ ሰው ነው። ማቀዝቀዣው አጠገብ ባለች ጠረጴዛ ላይ ሳንድዊች ይበላል።

«ብዪ እንጂ፤ ሁለት አለኝ።»

«እዚህ?»

«ሽንት ንጹህ ነገር ነው። የሚያስቸግረው ባለቤቱ ነው።»

«ሰኞ ምን ነበር የጠየቀችህ?»

ሳንድዊቹን አስቀመጠው። «ሽንቴ ውስጥ መድኃኒቱ በእውነት አለ ወይ? ነው ያለችኝ። ክሊኒክሽን ጠይቂ፣ ለሕመምተኛ በስልክ አንናገርም አልኳት። ሦስት ጊዜ። በሦስተኛው ተቆጥቼ ነው የዘጋሁት።» መነጽሩን መጥረግ ጀመረ። ንጹህ ነበር፤ ግን ጠረገው።

ኦሊታ በመቀስ የተቆረጠውን ወረቀት ሰጠችው። ኤልውድ ገልብጦ አየ።

«ግርጌው የት ሄደ?»

«አንተ ንገረኝ።»

«ግርጌው ላይ እኔ ጽፌ ነበር። መጀመሪያ ይሄን ስሚ። መድኃኒቱ አፍ ሲገባ ጉበት ያላምጠዋል፤ ሽንት ውስጥ የታኘከውንም ያልታኘከውንም እናገኛለን። በዚች ልጅ ብልቃጥ ውስጥ የታኘከ የለም። ምንም። ይሄ መድኃኒት ሰው ሆድ ገብቶ አያውቅም። አንድ ሰው ከልጥፉ ጥግ ቀንጥቦ ሽንቱ ውስጥ ጥሎታል።»

«ኔቫ ራሷ?»

«የተለመደ ብልሃት ነው። መድኃኒቱን ትሸጪዋለሽ፤ ቁራጯን ለሽንት ትሰዊያለሽ። እንዲህ ያለ ስናገኝ ግርጌው ላይ 'መድኃኒቱ በሰውነት አላለፈም፤ ይጣራ' ብለን ለክሊኒኩ በፋክስ እንልካለን። ለእሷ ብቻ ዘጠኝ ጊዜ ልኬያለሁ። አንድም ቀን መልስ የጻፈልኝ የለም።»

ኦሊታ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ስለዚህ ኩርቲስ ልክ ነው ማለት ነው። ኔቫ ሻጭ ነበረች፤ ትሬሲ ደግሞ ልጅቱን ታጣለች። ይህን ለማወቅ ነው ተራራ አቋርጣ የመጣችው። ተነስታ ልትሄድ ጃኬቷን አነሳች፤ ከዚያ መልሳ አስቀመጠችው።

«ቆይ። ትናንት ጠዋት የሞተች ሴት ናት። እሺ፣ በሕይወት እያለች አጭበርብራ ይሆናል። ሞታ ግን እንዴት ታጭበረብራለች?»

ኤልውድ ከማቀዝቀዣው የማክሰኞን ትሪ ሙሉ አወጣ። አንድ ሰዓት ያህል ማሽኑ ሲያጉረመርም ኦሊታ መስኮት መስኮቱን ስታይ ቆየች።

«ነይ እይ» አላት በመጨረሻ፤ ድምፁ ተለውጦ። «ክሬአቲኒን የሚባል አለ፤ ጡንቻ የሚጥለው ቆሻሻ ነው። መንታ ወንድማማች ከአንድ ሳህን ቢበሉ እንኳ አንድ ቁጥር አይሰጡሽም። ይሄ የኔቫ ነው፤ ሰማንያ አራት ነጥብ ሦስት። ይሄ የሌላ ሰው፤ ሰማንያ አራት ነጥብ ሁለት። ይሄ የሌላ፤ ሰማንያ አራት ነጥብ ሦስት።»

«ስንት ናቸው?»

«ሰባት ብልቃጥ፣ ሰባት ስም። አንድ ሰው ነው የሸናው።»

«ከዚህ በፊት አላየህም?»

«ከአራት ወረዳ ነው የሚመጣልኝ፤ በቀን ሦስት መቶ። አንዱን አያለሁ፣ አስቀምጣለሁ፣ ሌላውን አያለሁ። ጎን ለጎን አድርጌ ያየኋቸው ዛሬ ነው።» ፊቱ ቀልቷል። «ዛሬ ሳይሆን በመጋቢት ነበር ማየት የነበረብኝ።»

«የማን ሽንት ነው?»

«ስም አይጽፍም እኮ። ግን ትንሽ ያወራል። ትንባሆ የለበትም፤ አያጨስም፣ አያኝክም። የስኳር በሽታ ክኒን ይወስዳል። ክኒኑም አልያዘለትም፤ ስኳሩ ለፓንኬክ ማር ይሆናል። ሐኪም ካለው ሐኪሙ ተኝቷል።»

በእኛ ሸለቆ ትንባሆ የማይነካ ሰው በጣት ይቆጠራል። ኦሊታ መቁጠር ጀመረች።

ሐሙስ ጠዋት የሄደችበት ክሊኒክ ቀድሞ ሶፋ ይሸጥበት የነበረ ቤት ነው። መስታወቱ ላይ «ትልቅ ቅናሽ» የሚለው ጽሑፍ እስካሁን በደብዛዛው ይነበባል። ሐኪሙ በሳምንት አንድ ቀን ከከተማ እየመጣ ይፈርምና ይሄዳል። ብልቃጦቹን የምትይዘው ዊልዳ የምትባል፣ ወንበሯን ሞልታ የምትቀመጥ፣ ጠረጴዛዋ በቸኮሌት መጠቅለያ የተሸፈነ ሴት ናት።

«ኔቫ ማክሰኞ መጥታ ነበር?» አለቻት ኦሊታ።

«መጥታለች። ሦስት ከአርባ ላይ። በዓይኔ በብረቱ ነው ያየኋት ስትሸና። ደንቡ ነው።»

«በዓይንሽ?»

«በሁለቱም።»

«ታጨሻለሽ ዊልዳ?»

«እኔ? በሕይወቴ!»

«ስኳርስ አለብሽ?»

ዊልዳ የቸኮሌቱን መጠቅለያ በእጇ ሸፈነች። «ይሄ ምን አገባሽ?»

«ይህን ብልቃጥ ሙይልኝ።»

«ዘጠኝ ዓመት የሰው ስቀበል ኖሬ፣» አለች ዊልዳ እየተነሳች፣ «የኔን የጠየቀኝ ሰው የለም። እስቲ ይሁን።»

ተመልሳ ስትመጣ ኦሊታ ብልቃጡን በወረቀት ከረጢት ከተተችና ቀስ ብላ ነገረቻት። «ዊልዳ፣ ማክሰኞ ሦስት ከአርባ ላይ ኔቫ ከሞተች ስድስት ሰዓት ሆኗት ነበር። በዓይንሽ ያየሽው ማንን ነው?»

ዊልዳ ወንበሯ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። «ወገቤን ያመኛል» አለች። «ስልሳ ሰው ነው የሚመጣው። ስሙንም ሰዓቱንም ከዋዜማው ጽፌ ነው የማድረው፤ ሁሉንም። ኔቫ ያለችበትን የሰባት ሰው ቡድን ብልቃጥ ወንድም ላይል ነው የሚወስድልኝ። ጸሎት ቤቱ ምድር ቤት ያስተምራቸዋል፤ እዚያው ይሰጡታል፤ ሞልቶ ያመጣልኛል። ፋክሱም መድኃኒታቸውም በእሱ በኩል ነው። ለኔ አዝኖ ነው። መልካም ሰው ነው።»

ወንድም ላይል የክሊኒኩ አማካሪ ነው። እሱም በወጣትነቱ መርፌ ላይ ነበር፤ ያንን በየመድረኩ ይናገራል፤ ስለዚህ ሰው ያምነዋል። እኔም አንድ ቀን ሲናገር ሰምቼ አልቅሻለሁ፤ አሁን ሳስበው ያ ዕንባዬ ይቆጨኛል። ኦሊታን በፈገግታ ተቀበላት። ጥርሱ አዲስ ነው።

«እህቴ ኦሊታ! ስለ ኔቫ ልቤ ተሰብሯል።»

«ማክሰኞ ብልቃጧን ማን ሞላው?»

«እኔ ሴቶችን ሲሸኑ አላይም፤ ነውር ነው። ብልቃጦቹን ትሪ ላይ ያስቀምጣሉ፤ እኔ አነሳለሁ። ከጓደኞቿ አንዷ ልትሸፍንላት ሞልታላት ይሆናል። ሱሰኞች ይዋደዳሉ፤ ያ ነው ችግራቸው።»

«አታጨስም አይደል?»

«ጌታ ሳንባዬን አጥቦልኛል።» ከዚያ ሳትጠይቀው ሳቀ። «ዊልዳን እንዳስሸናሻት ሰማሁ። ስጪኝ እኔም ልሙላ። የምደብቀው የለኝም።»

ሞላላት። እየዘፈነ ነው የሞላው።

በዚያው ቀን ከሰዓት ኤልውድ ደወለ። የዊልዳ አይደለም፤ የስኳር ክኒን የለበትም። የወንድም ላይልም አይደለም፤ ሰውዬው እንደ ፈረስ ጤነኛ ነው። ሐኪሙ ሲጋር ያጨሳል። ኦሊታ ስልኩን ዘግታ መሪውን በጡጫ መታችው። የቀሩትን ስድስት ሰዎች አንድ በአንድ ልታነጋግራቸው ሞከረች። አምስቱ በራቸውን አልከፈቱም። ስድስተኛዋ ብርድ ልብስ ተከናንባ ከበር ጀርባ «መሐላ ገብተናል፤ ሂጂልኝ» አለቻትና ስታስመልስ ተሰማት።

አመሻሹ ላይ ወደ ትሬሲ ቤት ሄደች፤ ቢያንስ አንድ ነገር ልትነግራት። ወጥ ቤቱ ሰው ሞልቷል። በእኛ ዘንድ ለቅሶ ቤት የሚመጣው ምግብ ነው። ባቄላና የበቆሎ ዳቦ፣ የተጠበሰ ዶሮ፣ አራት ዓይነት ኬክ። እኔም የድንች ሰላጣዬን ይዤ ጥግ ተቀምጬ ነበር። ጁኒ ጠረጴዛው ሥር በማንኪያ ትጫወታለች።

«የማክሰኞው ሽንት የኔቫ አልነበረም» አለቻት ኦሊታ። «ከዚያ በፊት የነበሩትም አይመስሉኝም። የማን እንደሆነ ካላወቅኩ ግን ዳኛው ፊት ባዶ ወሬ ነው።»

ትሬሲ የሆነ ነገር በእጇ መያዝ ስለነበረባት ኬክ መቁረጥ ጀመረች። «አባባ አርሊ፣ አንድ ቁራጭ ይብሉ።»

«ተይኝ እባክሽ» አሉ አባባ አርሊ፣ ካልሲ ያለበትን እግራቸውን ወንበር ላይ ዘርግተው። «ስኳሬን ልትጨርሺው ነው? ነገ ዓርብ ነው፤ ነገ ደግሞ መሽናቴ ነው። ጣፋጭ በልቼ ብሸና ይታወቅብኛል። ይቺ ልጅማ ማክሰኞ ጭምር መጥታ ሁለተኛ ልታሸናኝ ነበር።» አገጫቸውን ወደ ኦሊታ ቀሰሩ።

«አባባ፣ እኔ እኮ ሽንት አልጠየቅኩዎትም።»

«ቢሆንም ማለዳ ሰጥቼ ነበር።»

ኦሊታ ሹካዋን አስቀመጠች። ወጥ ቤቱ ውስጥ የቀረነውም ማኘክ አቆምን።

«ለማን?»

«ለወንድም ላይል ነዋ። ማክሰኞና ዓርብ ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት፣ አንድ ትልቅ ማሰሮ ሙሉ። ስኳሬን በነጻ ያስመረምርልኛል። ብስኩትም ይዞልኝ ይመጣል፤ ስኳር የሌለበት። ከልጆቼ እንኳ እንዲህ ያሰበልኝ የለም።»

«አጭሰው ያውቃሉ አባባ?»

«እናቴ ገደል ትከተኝ ነበር።»

ዓርብ ወንድም ላይል በሰዓቱ መጣ። መኪናውን አቁሞ ብስኩቱን በአንድ እጅ፣ አንዲት የበረዶ ሣጥን በሌላ እጅ ይዞ፣ እያፏጨ ደረጃውን ወጣ። በረንዳው ላይ በአባባ አርሊ ወንበር የተቀመጠችው ግን ኦሊታ ነበረች። ጭኗ ላይ በፎጣ የተጠቀለለ ማሰሮ ይዛለች።

«ቶሎ በል፤ ሳይቀዘቅዝ» አለችው።

ፉጨቱ ቆመ።

መኪናው ውስጥ የእጅ ማሞቂያ ከረጢቶች ተገኙ፤ ብልቃጦቹ የሰውነት ሙቀት እንዲይዙ ነው። የሰባት ሰው ስም የተጻፈበት ሣጥን ተገኘ። ውስጡ ያሉት ልጥፎች እያንዳንዳቸው ጥጋቸው ተቀንጥቧል። የቀረውን ከወንዙ ማዶ ባለው ወረዳ ይሸጥ እንደነበር ተራራው ሁሉ ያወቀው ኋላ ነው። አንድ መቀስም ነበር፤ አፉ ላይ ብርቱካንማ ሙጫ ደርቆበታል። ከወንበሩ ሥር ደግሞ ቀጫጭን የወረቀት ቁራጮች ወድቀዋል። ኦሊታ አንዱን አንስታ ከጃኬቷ ኪስ ካወጣችው የኔቫ ወረቀት ጋር ገጠመችው። ልክ ገባ። «መድኃኒቱ በሰውነት አላለፈም፤ ይጣራ» ይላል።

«መድኃኒቱም ሱስ ነው» አለ ወንድም ላይል፣ እጁ ወደ ኋላ ታስሮ። «አወጣኋቸው እንጂ! በእምነት እንዲላቀቁ፣ በመሐላ።»

«ሲንቀጠቀጡስ ምን ትላቸው ነበር?»

ወንድም ላይል ፊቱን ወደ መኪናው አዞረ።

«እኔ ልንገርህ። ወረቀቱን ታሳያቸው ነበር። 'ይኸው ላቦራቶሪው፤ መድኃኒቱ ገና በደምሽ ሞልቷል፤ የሚያንቀጠቅጥሽ ኃጢአት ነው' ትላቸው ነበር። ኔቫ አምስት ሳምንት አንድም ልጥፍ ሳትቀምስ፣ ሞልቶብሻል የሚል ወረቀት ይዛ ስትታመም ነበር። አካሏን ትመን ወይስ ወረቀቱን? ግራ ገብቷት ነው ሦስት ጊዜ የደወለችው። የሚመልስላት ስታጣ ዱቄቱን ገዛች።»

«መርፌውን እኔ አልወጋኋትም።»

ኦሊታ ከረሜላዋን ከአፏ አውጥታ ወረወረችው። ከዚያን ቀን ወዲህ ከረሜላ ስትበላ አይቻት አላውቅም። አብሯት የመጣው ፖሊስ ሰውዬውን ሲገፋው ደረጃው ላይ የተቀመጠው ብስኩት ተበተነ። የአባባ አርሊ ውሻ አሽትቶ ተወው።

ሰኞ ዳኛው ፊት ምን እንደተባለ እዚህ አልዘረዝርም። ኤልውድ ግን ክራቫት አስሮ፣ ሰባቱን ቁጥሮች በአንድ ወረቀት ጎን ለጎን ጽፎ መጥቶ ነበር። ሲወጣ ትሬሲን ደረጃው ላይ ይቅርታ ጠየቃት። እሷ ይቅር አልኩህ አላለችም፤ አልተሳደበችም። «ሌላ ሰው ከደወለልህ አትዝጋበት» አለችው። ጁኒ ትከሻዋ ላይ ተኝታ ነበር፤ ወደ ራሷ ቤት ነው የወሰደቻት።

በዚያው ቀን ሳይመሽ ኦሊታ አባባ አርሊን ሐኪም ቤት ልትወስዳቸው መጣች፤ እግራቸው ከካልሲው በላይ መጥቆር ጀምሮ ነበር። መኪናው ውስጥ ካስገባቻቸው በኋላ ነገሩን ከመጀመሪያው አስረዳቻቸው። ሁለት ወር ሙሉ ማሰሯቸው እንዴት በሰባት ብልቃጥ እንደተቀዳ፣ እንዴት የሰባት ሰው ስም እንደተለጠፈበት፣ እንዴት በትልቁ ማሽን እያለፈ፣ እየተፈረመበት፣ በፋክስ እየተላከ እንደኖረ። ሽማግሌው በመስኮቱ ወንዙን እያዩ ሰሙ።

«ሁለት ወር» አሉ።

«ሁለት ወር፣ አባባ።»

«በሳምንት ሁለት ቀን፣ በሰባት ሰው ስም።»

«አዎ።»

እግራቸውን በሁለት እጃቸው አነሱና ቀስ ብለው አስተካከሉት።

«ታዲያ ከሰባታችን ለአንዳችን እንኳ ስኳራችሁ ከፍ ብሏል ያለ የለም?»